ከሃርድ ዲስኩ ሥር የቀረው ምስል

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ምድር ቤት ባለው የማቀናበሪያ ክፍል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የመብራት ማቆሚያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፖሊሶቹ አብራው የምትሠራውን ፎቶ አቀናባሪዋን በካቴና አስረው ጨርሰዋል፤ ካቴና ማጥለቅ ከማሰብ ይቀላቸዋል። ኢንስፔክተሯን ግን «ምስጥ» የሚሏት ውስጥ ለውስጥ ስለምትቦረቡር ነው።

ነገሩ ሁሉ በአቀናባሪዋ ላይ የተላከከው በምክንያት ነበር። የክፍሉ የጥበቃ ካሜራ የሚቀርጸው ምስል የሚቀመጥበት፣ ከውጭ የሚሰካው ሃርድ ዲስክ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚሠራው ብዙ ሰው በማያውቀው በሊኑክስ ሥርዓት ነው፤ ዲስክ ስለሰኩበት ብቻ አይከፍትም። ስክሪኑ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ ጽፎ ዲስኩን ከአንድ ፎልደር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ይህን የሚችሉት ሟቹና አቀናባሪዋ ብቻ ናቸው ተባለ።

«ዲስኩን የሚነቅል ሰው አለ?» ብላ ኢንስፔክተሯ አቀናባሪዋን ጠየቀቻት።

«ጋሼ ራሱ ነዋ። መብራት ሲዋዥቅ ይቃጠልብኛል ብሎ መዥረጥ ያደርገዋል። መልሶ ማገናኘቱን ይረሳል። በዚህ ስንቴ ተጨቃጨቅን።»

የሟቹ ሚስት ዓይኗ አብጧል። «ታናሽ ወንድሙን እንደ ልጁ ነው ያሳደገው» አለች። «ሥራውን ለአቀናባሪዋ ላስረክብ ነው ሲለው ግን ታናሽዬው አኮረፈ።»

ታናሽዬው አላለቀሰም። «ያን ቀን ምድር ቤት አልወረድኩም። ኮምፒውተር ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ አልችልም።»

«ታዲያ ምን የሆነ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ። መብራቱ ሲያስቸግረው ዲስኩን ነቅሎ ቁጭ ባለበት አቀናባሪዋ መጥታ መታችው።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው።

«አስከሬኑ ሲገኝ ዲስኩ ተሰክቶ፣ ከፎልደሩም ጋር ተገናኝቶ ነበር» አለች ታናሽዬውን እያየች። «አንተ ግን ነቅሎት ነበር አልከኝ። ላይ ቤት የነበረ ሰው ይህን ከየት አመጣው?»

«ገምቼ ነው።»

«ግምት ይሁን። ዲስኩ ሲነቀል ካሜራው መቅረጹን አያቆምም። ምስሉ የት ይሄዳል?» ወደ አቀናባሪዋ ዞረች።

የአቀናባሪዋ ፊት ተለወጠ። «ያን ቀን መነቀሉን አልሰማሁም ነበር። እዚያው ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ በኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ላይ። በኋላ ሃርድ ዲስኩ ሲገናኝ ግን ምንጣፍ ሥር እንደገባ ወረቀት ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።»

«ዲስኩን እሷ አገናኝታ ብታጠፋው ኖሮ ሥሩን ሳታይ አትሄድም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያጠፋው ሰው ግድያው እዚያ የተቀረጸ መስሎት ትእዛዙን ከስልኩ እያየ ገልብጦ ይሆናል እንጂ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ካቴናውን ፍቱላት። በይ እህቴ፣ ዲስኩን ከፎልደሩ አላቅቂው።»

አቀናባሪዋ ትእዛዙን ጻፈች። ባዶ መሆን የነበረበት ፎልደር ሙሉ ነበር።

ምስሉ ላይ ታናሽዬው ብረቱን አነሳ። ኢንስፔክተሯ ምስሉን ልታስቆም እጇን ስትሰድ ሚስትየዋ «ይቀጥል» አለች።

ታናሽዬው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ስልኩን እያየ ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጽፋል። ከኋላው ወለሉ ላይ አንድ እጅ ተንቀሳቀሰ። ተስቦ ደረሰና የሱሪውን ጫፍ ያዘ።

«ነፍሱ አልወጣችም ነበር?» አለች ሚስትየዋ በቀስታ።

«ይቺን ጨርሼ ሐኪም ልጠራ ነበር» አለ ልጁ።

ምስሉ ላይ እግሩን ከወንድሙ እጅ አላቀቀና መጻፉን ቀጠለ።