የመጀመሪያው አውቶቡስ ሰዓት

ፈርሀት ቅጹን እንደገና አነበበችው። «ማክሰኞ፣ እህል በረንዳ ፌርማታ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት፦ 11 ሰው።» የእጅ ጽሑፉ የሶፊ ነው። ከታች ግን የሁለቱም ስም አለ።

ከመርካቶ ቃሊቲ የሚደርስ አዲስ የአውቶቡስ መስመር ሊከፈት ነው። የትምህርት ቤታቸው የጂኦግራፊ ክበብ አባላት በየፌርማታው ቆመው፣ በየትኛው ሰዓት ስንት ሰው እንደሚጠብቅ እንዲቆጥሩ የከተማው የትራንስፖርት ባለሙያዎች ጠይቀዋቸው ነበር። ለፈርሀትና ለጓደኛዋ ለሶፊ እህል በረንዳ ደረሳቸው። ማክሰኞ ግን ፈርሀት ኮምቦልቻ፣ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ላይ ነበረች። «ብቻሽን ትችይዋለሽ» ብላ ለሶፊ ተወችላት።

እንደተመለሰች ቁጥሩን ተቀብላ ቻርቱን የሠራችው እሷው ናት። በሒሳብም ሰው ፊት ቆሞ በመናገርም ከክበቡ የሚስተካከላት የለም፤ ይሄንን ራሷም ታውቀዋለች። ቲቸር ይሄይስም አርብ ባለሙያዎቹ ሲመጡ እንድታቀርብ የመረጧት እሷን ነው። ቻርቱ ግርጌ ላይ በደማቅ ቀለም «የመጀመሪያው አውቶቡስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢነሳ በቂ ነው» ብላ ጽፋለች።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ይህንኑ ግቢ ውስጥ ጮክ ብላ ስትለማመድ ጎረቤታቸው እትዬ ታንጉት ሰሟት። እትዬ ታንጉት ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ይገባሉ።

«አንድ ሰዓት ከተነሳማ ለእኔ አልመጣም ማለት ነው» አሏት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፉ እህል መጋዘኖቹ ድረስ እንደሚደርስ፣ ማክሰኞም ሁለት ታክሲ ሞልቶ አልፏቸው በሦስተኛው እንደሄዱ ነገሯት።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ፈርሀት ቅጹን ይዛ ሶፊን ደረጃው ላይ አገኘቻት። አስራ አንድ የሚለውን ከየት እንዳመጣችው ጠየቀቻት።

«አታካብጂ በናትሽ» አለች ሶፊ። ከዚያ ጫማዋን እያየች ቀጠለች። «ጨለማ ነበር። በር ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ላይ ነው የደረስኩት። ያንን ሰዓት በግምት ሞላሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ሰርግ ላይ እየጨፈርሽ፣ ለማን ነው የምነግረው?»

ሶፊ ስሟ ከተነሳ ከክበቡ እንደምትባረር ተናግራ ዝም እንድትላት ለመነቻት። ፈርሀት እሺም እምቢም ሳትል ወደ ክፍል ገባች።

አርብ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከእትዬ ታንጉት ጋር ከቤት ወጣች። ጎጃም በረንዳ ጋ ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። የቆሙት ጋሪዎች ጥላ ሰው ይመስላል። አንድ ውሻ ድንገት ሲጮህ የእትዬ ታንጉትን ነጠላ ጫፍ ያዘች፤ እሳቸውም እንዳላዩ ሆነው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሶፊን እዚህ ብቻዋን እንድታልፍ ነበር የተወቻት። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ሰልፉ ታጥፎ ነበር። ፈርሀት የመንገድ መብራት ስር ቆማ፣ ሰዉን ወዴት እንደሚሄድ እየጠየቀች እስከ አንድ ሰዓት ቆጠረች፦ መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው።

ረፋድ ላይ አዳራሹ ሞላ። የባለሙያዎቹ መሪ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው፤ ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘርግተው ጠበቋት። ሶፊ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታለች። ፈርሀት ከቤት ስትወጣ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፦ ጓደኛዬ በሰዓቱ አልነበረችም። ቻርቱ ፊት ስትቆም ግን ሐሳቧን ቀየረች።

«ይሄ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው» አለች፣ የቻርቱን ግርጌ እያሳየች። «ማክሰኞ ከአስራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ፌርማታው ላይ አልነበርንም። ቁጥሩን በግምት ነው የሞላነው። ዛሬ ስቆጥር ግን መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ነበር። ብዙዎቹ አንድ ተኩል ላይ ቃሊቲ ሥራ የሚገቡ ናቸው።»

ቲቸር ይሄይስ ፊታቸው ተለወጠ። ሴትዮዋ ግን በእርጋታ ጻፉ፤ የአንድ ቀን ቁጥር ስለማይበቃ እህል በረንዳ እንደገና እስኪቆጠር ድረስ ሪፖርቱ ውስጥ እንደማይገባ ተናገሩ። እነፈርሀት እንደገና እንዲቆጥሩም ለማክሰኞ ቀጠሮ ያዙ። ለክበቡ ምርጥ ሥራ የተዘጋጀው የምስክር ወረቀት ለሌሎች ልጆች ተሰጠ። ቲቸር ይሄይስም ሁለቱን ወደ ጎን ወስደው ገሠጿቸው፤ ከክበቡ ግን አላባረሯቸውም።

ሲለቀቁ ሶፊ ከኋላ ሮጣ ደረሰችባት። አማኑኤል ሰፈር እስኪደርሱ ጎን ለጎን ሄዱ። ሶፊ የፈርሀት ግቢ በር ላይ ቆመች።

«ሰኞ እናንተ ጋ ባድር እናትሽ ምን ይላሉ?»

«እነቃለሁ ብለሽ ካልነቃሽ ነው የሚቆጡት» አለች ፈርሀት፣ በሩን እየከፈተችላት። «ግቢ፣ አብረን እንጠይቃቸው።»