ቀን ቀን ብቻ የምትታመመው ሕፃን

ዶክተር ሮይስ ፔልፍሪ የሞተው ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ በሕፃናቱ ቤት ቢሮ፣ በሚወዛወዘው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነበር። የበረዶ ሻይ የጠጣበት ብርጭቆ እግሩ ሥር ወድቋል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። የአውራጃዋ የአሟሟት መርማሪ ኖላ ስቲድሃም ያን ስታይ የጠረጠረችውን ዓርብ ጠዋት ላቦራቶሪው አረጋገጠላት፤ ሞርፊን ነው።

ሞርፊን በዚያ ቤት ብርቅ አይደለም። በስድስቱ አልጋዎች የሚተኙት ጨቅላዎች በእናታቸው ማህፀን ሳሉ መድኃኒት የለመዱ ናቸው። ሲወለዱ ይቋረጥባቸውና ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ የጠቡትን ያስመልሳሉ። በሞርፊን ጠብታ ይረጋጉና መጠኑ እየተቀነሰ ይላቀቃሉ። ቤቱን ያሠራው ፔልፍሪ ራሱ ነው። ገንዘቡን ያገኘው ደግሞ ለሸለቆው ሕዝብ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን በገፍ ሲያዝ ነበር። የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ እንጂ አልታሰረም። ስሙም በሩ ላይ በነሐስ ተጽፏል።

«ነገሩ አልቋል» አለ ሸሪፍ ዴንቨር ስፐርሎክ። «የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ተቆጥሯል። አንዲት ጠብታ አልጎደለም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከውጭ ነው የገባው። እዚህ የተኛችው የጁኒ እናት ታንሲ ራድ ደግሞ የቀድሞ ሱሰኛ ናት፤ ሰኞ ዕለት እዚሁ ‹እገድልሃለሁ› ብላ ጮኻበታለች። ዐሥር ሰዓት ላይ የሕፃናት ደኅንነት ሰዎች መጥተው ልጇን ይወስዳሉ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ከሩብ።»

«እንግዲያው አላለቀም» አለች ኖላ።

ታንሲ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የሹራቧን እጅጌ ትጎትታለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

«‹እገድልሃለሁ› ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ። እናቴን በክኒን የጨረሰ ሰው መጥቶ የልጄን ጉንጭ ሲቆነጥጥ ምን ልበለው? እግዜር ይስጥልኝ?»

«ሻይ ሰጥተሽዋል?»

«እኔ ለሱ? በጥም ቢሞትም አልሰጠው!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ጁኒዬ ቀን ቀን ነው የሚያማት። እኔ ስመጣ ይብስባታል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሲስተር ኦርፋ። መዝገቡ ላይ አለ አሉኝ።»

ኖላ መርማሪ ከመሆኗ በፊት ሃያ ዓመት የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ነበረች። እጇን ታጥባ ጁኒን ከጥቅልሏ ፈታቻት። አገጯን፣ ጉልበቷን፣ ተረከዟን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ የምልክት መዝገቡን ገለጠች። በየሦስት ሰዓቱ መንቀጥቀጡ፣ ጩኸቱ፣ እንቅልፉ በነጥብ ይጻፋል። ነጥቡ ከስምንት ካለፈ መጠኑ አይቀነስም። የሌሊቷ ነርስ ስትጽፍ አራት፣ አምስት ነው። ቀን ላይ፣ በኦርፋ ኮምስ እጅ፣ ዐሥራ ሦስት ይሆናል። እንዲህ እያለ ዐሥራ አንድ ቀን አልፏል።

በበጎ ፈቃድ ሕፃናቱን እያቀፉ የሚያስተኙት እማማ ቬርሊ ናፒየር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

«እማማ፣ ማክሰኞ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንን አቅፈው ነበር?»

«ጁኒን ነዋ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ደረቴ ላይ ለጥ አለች። ሽንቴ ወጥሮኝ ልሞት! እንዳትነቃ ብዬ አልተነሣሁም።»

«አልጮኸችም?»

«ያንኮራፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ኖላ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን የቆዩ መዝገቦች አውርዳ ሁለት ሰዓት ያህል አገላበጠች። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዋና ነርሷ ኦርፋ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ታንሲ ልጇን አቅፋለች።

«ሻዩን ማንም ሊያቀርብለት ይችል ነበር» አለች ኖላ። «የምጠይቀው ሞርፊኑ ከየት መጣ ብዬ ነው። ከቁም ሳጥኑ ምንም አልጎደለም፤ የወጣው ሁሉ ለሕፃን ተሰጠ ተብሎ ተፈርሟል። ታዲያ ባይሰጥስ?»

መዝገቡን ዘረጋች።

«ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጁኒ አንድ ሰዓት እንኳ አልተኛችም፣ ስትጮኽ ነበር ይላል። እማማ ቬርሊ ግን ሦስት ሰዓት ተኝታባቸዋለች። የሚንቀጠቀጥ ሕፃን አገጩና ጉልበቱ አንሶላው ላይ እየተፋተገ ይላጣል። የጁኒ ገላ አንድም ቦታ አልተላጠም። በየቀኑም ክብደት ጨምራለች። ልጅቷ ተሽሏታል። ታማለች የሚለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ታማለች ካለ ሙሉ መጠን ይወጣል፤ ለልጅቷ የሚበቃት ትንሽ ተሰጥቶ ቀሪው ይጠራቀማል። ከፋሲካ ወዲህ አምስት ሕፃናት እንዲሁ ቀን ቀን ብቻ ታመዋል። እንደ ፔልፍሪ ሳንባው ለደከመ፣ የእንቅልፍ ክኒን ለሚውጥ ሽማግሌ ያ በቂ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሸሪፉ።

«ነው። ኦርፋ ዝም ካለች ግምት ሆኖ ይቀራል፤ ዐሥር ሰዓት ላይም ጁኒ ትወሰዳለች።»

ኦርፋ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«ልጄ አይቫሊ በሱ ክኒን ስትሞት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ ደግሞ በየማለዳው ያንን ነሐስ እወለውላለሁ፤ ስሙ እንዲያበራ! ያዘዘላትን ነው የመለስኩለት። ሽማግሌ ነው፣ ሞተ ተብሎ ይቀበራል፣ ማንም አይጠየቅም ብዬ ነበር። አልጸጸትም። አንድም ሕፃን አላሰቃየሁም።»

«ይበለው!» አሉ እማማ ቬርሊ፣ ጮክ ብለው።

ታንሲ ግን ተነሥታ ነርሷ ፊት ቆመች። እስከዚያች ቀን ‹እርስዎ› ብላ ነበር የምትጠራት።

«አንቺ» አለቻት። «ልጄን የማሳምማት እኔ ነኝ ብዬ አምኜሽ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሳልነካት ተመለስኩ። መስታወቱን ተደግፌ አይቻት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ያ ክኒን ትዝ አለኝ። አንዲት ፍሬ ባገኝ እውጣት ነበር።»

«ታንሲ፣ ልጄ...»

«ልጄ አትበዪኝ! እሱ በልጅሽ ነገደ፣ አንቺ በእኔ።»

ሸሪፉ ካቴናውን አወጣ። ኦርፋ እጇን ሳትጠየቅ ዘረጋች፤ ፊቷ ላይ አሁንም ኩራት ነበረበት።

«በየችሎቱ እመጣለሁ» አለች ታንሲ። «ይህችን አቅፌ ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ። እሱን ስለገደልሽ አይደለም። ያን ዐሥራ አንድ ቀን እያየሻት እንድትቆጥሪው ነው።»

ያኔ ኦርፋ ዓይኗን ከሕፃኗ ላይ አነሣች። መልሳ ልታያት አልቻለችም።