አራተኛው ብልጭታ

ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ጠጥቶ እንደነበር ነው፣ ዛሬም ያው ነኝ፣ ግን ይህቺን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውጭ አገር ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ስኖር ኩሽናዬ ውስጥ ቴፕና ቲቪ እጠግን ነበር። ከእኔ በላይ ያለው ቤት ውስጥ ጋሼ ደምሴ ይኖራሉ፣ እግራቸውም ግራ እጃቸውም አይታዘዝም፣ በባትሪ የሚሄደውን ዊልቸራቸውን በቀኝ እጃቸው እየነዱ ሆስፒታል የተኙትን ባለቤታቸውን በየቀኑ ይጠይቃሉ። አንድ ጠዋት ቻርጀሩ ተበላሸና እኔ ዘንድ አወረድኩት።

«ልጄ፣ ዶክተሩ ተስፋ የለም ብሎኛል፣ ዛሬ ሳላያት እንዳታመልጠኝ» አሉኝ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ቶሎ ያልቃል።»

ከዚያማ በየአሥር ደቂቃው ስልክ፣ «ሬዲ ነው?»፣ እመኑኝ ደሜ ፈላ።

ፊውዙ ተቃጥሏል፣ አንድ ዳዮድም ሾርት አድርጓል፣ ሁለቱንም ቀይሬ ሞከርኩት፣ ሠራ። ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ከሶኬት ነቀልኩና ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ እንደ ልማዴ በካቻቢቴ ጫፍ አስወጣሁት። ጠሽ! ብልጭ አለ፣ ወዲያው ከላይ ጋሼ ጮኹ። የሆነ ነገር ወድቆባቸው ይሆናል አልኩ። ካፓሲተር አንዳንዴ ትንሽ ያስቀራልና ደገምኩት፣ ብልጭታው ያው ትልቅ፣ ጩኸቱም ያው። ፕለጉን ባየው ጭኔ ላይ ነው፣ ቴስተሩ ዜሮ ይላል። ለማረጋገጥ ሦስተኛ ነካሁት፣ አሁን «ኧረ እጄን!» ሲሉ በግልጽ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሁሉ ያቆማል፣ እኔ ግን ያ ሁሉ ስልክ ትዝ አለኝና «እስቲ ትንሽ ይቅመሷት» ብዬ አራተኛውን ጨመርኩ። ከላይ ምንም ድምፅ አልመጣም።

ቻርጀሩን ይዤ ሮጥኩ። ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሰካሁላቸው፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች።

«ይኸው ጋሼ፣ ከሰዓት ይሄዳሉ» አልኩ።

ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዝለፍልፏል፣ የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል። አነሳሁት፣ ስለቀው ወደቀ።

«በምን ልነዳው?» አሉኝ። ቀጥለው በዝግታ፣ «ሦስቱስ ለማረጋገጥ ነው እንበል፣ አራተኛውን ለምን ጨመርከው?»

ጋሼ ያን ቀን ክሊኒክ እጃቸውን ሲታከሙ ዋሉ፣ ባለቤታቸው አመሻሹ ላይ አረፉ፣ ሳይተያዩ። ጋሼ ቁጥሩን ከየት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ለምን እንደጨመርኩት ግን አውቃለሁ፣ እሱን ነው የምፈራው።