ስንዴው ሲጮኽ

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ስቆብኛል። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ግን በዓይኔ ያየሁት፣ በአፍንጫዬ ያሸተትኩት ነው።

ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። ቦታው የምሠራበት የምርምር ግሪንሃውስ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት ስለሆነ ድመት እንኳን የምትደበቅበት ጥግ የለውም።

ታናሽ እህቴም እዚያው ነው የምትሠራው። ድንቡሼ እንላታለን። ያኔ ስምንት ወር የገባት ነፍሰ ጡር ነበረች። ስንት ዓመት ተለምኖ የመጣ ልጅ ነው... ባልዲ እንኳን አላስነሳትም ነበር።

ሥራችን ስንዴ ነው።

ክሽክሽ የምትባለዋን ተባይ ታውቋታላችሁ? ቅጠል ላይ ተለጥፋ የምትመጥ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጉድ ናት። አንዷን አዳኝ ነፍሳት ሲነክሳት ሽታ ትለቃለች። ሽሹ ማለቷ ነው። ሽታው የደረሳቸው ዘመዶቿ እግሬ አውጪኝ ይላሉ።

ተመራማሪዎቹ ያንን ሽታ ስንዴው ራሱ እንዲያወጣው ዘረመሉን ቀየሩት። መድኃኒት መርጨት ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሲሸት ግን ክሽክሾቹ ለመዱትና ናቁት። ስለዚህ ተባይ ሲነካው ብቻ እንዲሸት ተደርጎ እንደገና ተሠራ።

እኛ ሠራተኞቹ ታዲያ "ሸተተ" አንልም። "ጮኸ" ነው የምንለው። ሲተው ደግሞ "ዝም አለ"።

ሽታው ደስ ይላል። አሁን የተላጠ ፖም ነው የሚመስለው። በየመደቡ ትንሽ መሣሪያ ተተክሏል፤ ስንዴው ሲጮኽ ቀይ መብራት ያበራል።

ያን ጠዋት ግሪንሃውሱ ውስጥ አንድም ክሽክሽ አልነበረም። ለሙከራ የምንለቃቸው ከሰዓት ነበር።

ድንቡሼ መሐል ላይ ቆማ ቅጠል ትቆርጣለች። እኔ በሩ ጋ ነኝ።

ሽታው መጣ...

"ጮኸ እንዴ?" አለችኝ።

ዳር ያለው መደብ መብራቱ በርቷል። ቅጠሉ ግን አይንቀሳቀስም።

ቀጥሎ ያለው በራ።

ከዚያ የሱ ቀጣይ...

ወደ እሷ ነው የሚመጣው።

"ድንቡሼ፣ ነይ ውጪ።" በሹክሹክታ ነው ያልኳት። ድምፄን ለምን እንደቀነስኩ አላውቅም።

"እትዬ... እግሬ እምቢ አለኝ።"

አጠገቧ ያለው መደብ በራ።

እና መብራቱ ሁሉ በአንዴ ጠፋ።

ሮጬ አቀፍኳት። ላብ በላብ ሆናለች እንጂ ምንም አልሆነችም። "መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ባክሽ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እፎይ አልኩ።

እራት እየበላሁ ነው ነገሩ የገባኝ።

ስንዴው ዝም የሚለው የነካው ነገር ሲለቀው ነው። ከስንዴው ወርዶ... የት ሄደ?

ልጁ በሰላም ተወለደ። ወንድ ነው። እማዬ ከተኛበት አንስታ አናቱን ሳመችውና "ውይ የኔ ጌታ፣ ፖም ፖም ይላል እኮ" አለች።

ቤተሰቡ እየተቀባበለ አሸተተው። ሳቁ።

እኔ የግሪንሃውሱ ጠዋት ትዝ አለኝ። ግን ለአራስ እህቴ ምን ብዬ ልንገራት? ስንት ዓመት ያለቀሰችበትን ልጅ...

ዝም ብዬ ተከታተልኩት። ታቅፈነው ስንቆይ ሽታው ይጠፋል። ብቻውን አስተኝተነው ስንመለስ በርትቶ ይጠብቀናል።

ከዚያ ወዲህ ብቻውን እንዳይተኛ ሰበብ መፍጠር ሥራዬ ሆነ። እማዬ "ልጁን እጅ አስለመድሽው" እያለች ትቆጣኛለች።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ግን ሱቅ ደርሼ ስመለስ ሁሉም ሳሎን ተቀምጠው ይጫወታሉ። ልጁ የለም። መኝታ ቤት አስተኝተውታል።

በበሩ ሥር ሽታው መጣ። እንዲያ ከብዶ አያውቅም።

"ማነው ፖም የላጠው?" አለች እማዬ።

ድንቡሼ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ እሷም ታውቃለች... ለካ እሷም ለእኔ ብላ ነው ዝም ያለችው።

"እትዬ... አንቺ ግቢ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እኔ ማየት አልችልም።"

በሩን ከፈትኩት።

መስኮቱ ዝግ ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

ልጁ ነቅቷል። አያለቅስም።

ገና አንገቱ ያልጠና ሕፃን... ሁለት መዳፉን አፉ ላይ ግጥም አድርጎ፣ ከአንዳች ነገር እንደሚደበቅ ሰው ትንፋሹን ይዟል።