የተሰካው መኪና

ሴናተር ሊላንድ ኦስቢ ብርዳማዋ ቢስማርክ ከተማ በተከራየው ቤት የውስጥ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ቦት ጫማውን እንደተጫማ ሞቶ ተገኘ። ሃያ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ትልቅ የፌዴራል ሹም ነበር፤ ኋላ ወደ ትውልድ ግዛቱ ተመልሶ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆነ። ያን ሁሉ ሹመት በያዘ ሰው ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው ለአንድ ሰው የተረፈ ግማሽ ሳህን ሾርባ ነው። ብቻዋን የምትኖረው መርማሪ ግሬታ ብሬክ ሾርባውን ስታይ አንጀቷን በላት።

የፖሊስ አዛዡ ግን ቸኩሏል። «የገደለችው ጸሐፊው ማሪሶል ናት። ትናንት ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ቀትር ላይ አስራታለሁ» አላት።

ግሬታ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ የቆመውን የሟቹን መኪና አየች። በሌሊቱ ውርጭ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠዋት አልነሳ እንዳይል የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ተሰክቷል።

«እሳቸው ናቸው የሰኩት?» ስትል የቤቱን አከራይ ኦፓልን ጠየቀች።

«ውይ ልጄ! እሳቸው? ዋሽንግተን አሞላቅቋቸው እኮ! ሰክተው እንዲያድሩ ስንቴ ነገርኳቸው መሰለሽ! በየጠዋቱ መኪናው አልነሳ ሲላቸው ሴናተር ሆልቴ እየመጡ ያስነሱላቸዋል። ከሳቸው ሌላማ ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? ትናንት ደግሞ እኔም እህቴ ዘንድ አደርኩ።»

ማሪሶል ስታለቅስ ውላ ዓይኗ አብጧል። «የተጨቃጨቅነው በዕረፍት ጉዳይ ነው። ከሞቃቷ አሪዞና ከመጣሁ ወር አልሞላኝም፣ ማን ያምነኛል?»

የምክር ቤት ባልደረባው ሴናተር ቨርን ሆልቴ ኮፍያውን እያሽከረከረ «ትናንት ከቀትር ወዲህ አላየሁትም» አለ።

ግሬታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ እዚህ ወድቀው ቢሆን ቦት ጫማቸው በር ላይ ይቀር ነበር። እዚህ ቤት ጫማውን ሳያወልቅ ደረጃ የሚወጣ የለም፣ አይደል ኦፓል?»

«በኔ ቤት? ሞቼ ነው!»

«ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞተው፣ አንድ ሰው በገዛ መኪናቸው አመጣቸው። መኪናውንም ሰካው። እሳቸው ሰክተው አያውቁም። ኦፓል አይነዱም። ማሪሶል፣ ከመኪናው አፍንጫ የሚንጠለጠለው ገመድ ምንድን ነው?»

«የተበላሸ ነገር መስሎኝ ነበር...» አለች ማሪሶል ግራ ገብቷት።

«አያችሁ? እዚህ ብርድ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ሳይሰካ አይሄድም። ሰው ገድሎም ቢሆን።»

ሁሉም ወደ ሆልቴ ዞሩ። ኮፍያው መሽከርከሩን አቆመ።

«ዛሬ የከተማችንን ሆስፒታል ለማዘጋት ድምፅ ሊሰጥ ነበር» አለ። «ባለቤቴ በሳምንት ሦስቴ ኩላሊቷን የምትታጠበው እዚያ ነው። ትናንት ማታ ምክር ቤቱ ግቢ ለመንኩት። ‹ዋሽንግተን ሳለሁ ስንቱን ዘግቻለሁ፣ ያንተ በምን ይለያል?› አለኝ። ገፈተርኩት። በረዶው ላይ ወደቀ፤ በቃ አልተነቃነቀም።»

አዛዡ አንገቱን ደፍቶ ለማሪሶል ኮቷን አቀበላት።

«የሟቹን ጫማ ማውለቅ እንኳ ረስተው፣ መኪናውን ለምን ሰኩት?» አለች ግሬታ።



«ጠዋት አልነሳ ብሎ እንዳያስቸግረው ብዬ ነዋ» አለና ሆልቴ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።