ከአስሩ አንዱ

ደወሉ እንደገና ጮኸ። ዕቃ በስልክ እየታዘዘ ቤት ድረስ በሚላክበት በልጅቷ ወንድም ቢሮ፣ አንድ ትዕዛዝ በገባ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ደወል መምታትና ማጨብጨብ ደንብ ነው። ዛሬ ሠራተኞቹ መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ፤ ወንድሟም ከእንግዳዋ ባለሀብት ጎን ቆሞ ጥርሱ አልከደን ብሎታል። እሷ ብቻ የደብተር ቦርሳዋን እንደታቀፈች አላጨበጨበችም፤ የሚያዝዙት እነማን እንደሆኑ ታውቃለችና።

የክፍሏ ልጆች ናቸው። ትናንት ወንድሟ «ስሚ፣ ወይዘሪት ለምን» አላት፤ ጥያቄ ስለምታበዛ ያወጣላት ስም ነው። «ነገ ባለሀብቷ ትመጣለች። ልክ ከትምህርት ቤት ስትወጡ አርባ ልጅ በስልክ ብስኩት ይዘዝልኝ። በነጻ ቤታችሁ ይመጣል በያቸው።» ነጻ ብስኩት ማን ይጠላል? አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋማ «ወንድምሽ ግን ጤነኛ ነው?» ብላ እየሳቀች በእናቷም በአባቷም ስልክ አዘዘች።

ነገሩ በብስኩት ቢያበቃ ደግ ነበር። ልብስ ሰፊ እናታቸው ሦስቱንም የስፌት ማሽኖቿን ሸጣ ገንዘቡን ለልጇ ድርጅት ልትሰጥ ነው። ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። አክስታቸው «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ» ብትላት፣ «ልጄን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» ብላ አፏን አዘጋቻት።

ወንድሟ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ሲል እንግዳዋ አጠገቧ መጥታ ቆመች። ልጅቷን አፏ ቀደማት።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ በየትዕዛዙ ይከስራል። እርስዎ ታዲያ ከምኑ ያተርፋሉ?»

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «ከዕቃው አይደለም። ደንበኛው እየበዛ ከሄደ፣ ይሄ ድርጅት ነገ ትልቅ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሌላ ባለሀብት ይመጣል። ያኔ የኛን ድርሻ እጥፍ ድርብ ከፍሎ ይገዛናል። ድርጅቱ እስከዚያ ሳንቲም ባያተርፍም።»

«ካልመጣስ?»

«ለዚህ ነው አስር ድርጅት ላይ ገንዘብ የምናስገባው። ዘጠኙ ቢሞቱ አንዱ የሁሉንም ይከፍላል። ገንዘቡም ቢሆን የሌሎች ሰዎች ነው፤ እኛ ስላስተዳደርነው ብቻ በየዓመቱ ክፍያ አለን።»

«የወንድሜስ ከዘጠኙ ነው ወይስ አንዱ?»

«እሱን ባውቅ ኖሮ አስር አያስፈልገኝም ነበር» አለችና ሳቀች።

ልጅቷ መሳቅ አቃታት። እናቷ አስር ድርጅት የላትም። ያላት አንድ ነው።

ልጅቷን ሊሸኛት በር ድረስ ሲመጣ ወንድሟ ትከሻዋን አቀፍ አደረጋት። «እማ ከጠየቀችሽ ያየሽውን ንገሪያት። ደወሉ አላረፈም በያት።» ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል፤ ደሞዝ ከወሰደ አራት ወሩ ነው። አታላይ ቢሆን እንኳ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ራሱም ከልቡ አምኗል፤ ያ ደግሞ አንጀቷን በላው። መንገዱን ሙሉ «ሆድ ይፍጀው» ስትል ቆየች። ዝም ብትል እኮ ማንም አይወቅሳትም።

እናቷን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ አገኘቻት። ማሽኑን ሳታቆም ቀና አለች።

«እንዴት ነበር የኔ እናት? ሰው አዘዘ?»

«ደወሉ አላረፈም።»

«ተመስገን» አለች እናቷ። ፊቷ በራ፤ እግሯም መርገጫው ላይ ፈጠነ።

ያን ፊት ማየት ከበዳት። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ከውሸት ግን በምን እንደሚለይ አላወቀችም። ወንድሟ እንደሚቀየማት፣ ምናልባትም ለረጅም ጊዜ እንደማያናግራት ታውቃለች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የማሽኑን መዘውር ያዘች።

«እማ፣ አንዴ አቁሚውና ስሚኝ» አለች። «ያዘዙት የክፍሌ ልጆች ናቸው። እንዲያዝዙ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

የእናቷ እግር ከመርገጫው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።