ጭጋግ የደበቀው ጫፍ

ነፋሱ ድንኳኑን ሊገነጥል ሲታገል አደረና ሲነጋ ደክሞት ተኛ። አናጢዋ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ወደ ላይ አንጋጠጠች። ጫፉ እንደ ወትሮው ጭጋግ ለብሷል።

«እንሂድ?» አላት ዳቦ ጋጋሪው ባሏ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ እየቋጠረ።

«እንሂድ እንጂ! ቆመን ልናየው ነው እንዴ የመጣነው?»

የዚህ ተራራ ጣጣ የጀመረው እነሱ ሳይወለዱ ነው። የእሷ አባትና የእሱ አባት፣ ያኔ አንድ ነፍስ የነበሩ ጓደኛሞች፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው ወጡት። ሲመለሱ የእሱ አባት «ጫፉን ረገጥነው» አሉ። የእሷ አባት ደግሞ «አልደረስንም፤ ጭጋጉ ገለጥ ሲል ከፊታችን ሌላ ከፍታ አይቻለሁ» አሉ። ከተማው ያጨበጨበው ለደረስነው ባዩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሞከሩትን ሁሉ ነፋስ መለሳቸው፤ ሁለቱ ሰዎችም ተኮራርፈው ቀሩ። በልጆቻቸው ሠርግ እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የበሉት። አሁን የጋጋሪው አባት አልጋ ይዘዋል። ሳይታረቁ እንዳይሞቱ አናጢዋ ፈርታለች፤ የአባቷን እውነተኛነት ማሳየትም አምሯታል።

በረዶው እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው ሸንተረሩን ጨረሱ። ገደሉን በጠባቡ መተላለፊያ ሲሻገሩ ከላይ የነበሩ የተራራ ፍየሎች ደንብረው ሮጡና ናዳ ለቀቁባቸው።

«ግድግዳው ላይ ተለጠፊ!»

ድንጋዩ በጆሮዋ ሥር እያፏጨ አለፈ።

«አለሽ?»

«አለሁ። በቀላሉ የምትገላገለኝ መስሎሃል?»

ዳገቱ ድንገት አለቀ። ቀድሞ የወጣው ጋጋሪ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ተቀመጠና በገመዱ ስቦ አወጣት። ዙሪያው ጭጋግ ብቻ ነው።

«በቃ፣ ጫፉ ይሄው! አባዬ አልዋሸም!» እንደ ሕፃን ሳቀ።

ያን ጊዜ ከትከሻው በላይ ጭጋጉ ገለጥ አለ። ከኋላው ሌላ ነጭ ከፍታ ቆሟል። አናጢዋ መፈንጠዝ ሲገባት ባሏን አይታ ሆዷ ባባ።

«ዞር ብለህ እይ» አለችው።

ፊቷን አየና ገባው። ሳቁ ጠፋ።

«አልዞርም። ካላየሁ አልነግረውም። አልጋ ላይ ላለ ሰው ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው?»

ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ክርክሩን ልትረታ ነበር። አሁን መርታቱ አስጠላት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሷም ጀርባዋን ለከፍታው ሰጠች።

«ከፈለግህ እንውረድ። እኔም ምንም አልልም።»

ነፋሱ በረዶውን እየጠረገ በመካከላቸው አለፈ።

«ሩቅ ነው?» አለ ባሏ፣ አሁንም ሳይዞር።

«ቅርብ ነው።»

ተነሣ። «እንግዲያው ምሪኝ።»

በሁለት በኩል ገደል ያለውን ሹል ጠርዝ እንደ ፈረስ ኮርቻ እየተፈናጠጡ አለፉት። ጭጋጉ ከእግራቸው በታች ሲቀር ሁለቱም አለቀሱ።

ከተማ እንደገቡ አቧራቸውን ሳያራግፉ ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄዱ። ጋጋሪው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአባቱን እጅ ያዘ።

«አባዬ፣ አልደረሳችሁም ነበር። ትንሽ ነው የቀራችሁ። እኛ ወጣነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ።

«ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩ ምን ይታያል?» አሉ።

ልጃቸው ሊናገር ሲል እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ አሁን አትንገረኝ።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አባትሽን ጥሪልኝ፣ ልጄ። እሱም አላየውም።»